የሕዝብ ቁጥርና የመንገድ ርቀት በሕንድ የገጠር መንደር

በሕንድ አገር የሕዝብ ቆጠራ በተካሄደ ቁጥር ለእያንዳንዱ አውራጃ አንድ ወፍራም የመረጃ መጽሐፍ ይታተማል። በመጽሐፉም ውስጥ እያንዳንዱ መንደር አንዲት መስመር ይይዛል። በዚያች መስመር ላይ የመንደሩ ስም፣ የመሬቱ ስፋት፣ የቤተሰቡና የነዋሪው ብዛት ከሰፈረ በኋላ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ የመጠጥ ውሃ፣ ፖስታ ቤት፣ አውቶቡስ፣ የባቡር ጣቢያና አስፋልት መንገድ መኖር አለመኖሩ በየተራው ይመዘገባል። አገልግሎቱ በመንደሩ ውስጥ ከሌለ በቦታው አንዲት ፊደል ትገባለች። በ2011 በተካሄደው ቆጠራ የመጀመሪያዋ ፊደል አገልግሎቱ ከ5 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ መገኘቱን፣ ሁለተኛዋ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር መራቁን፣ ሦስተኛዋም ከ10 ኪሎ ሜትር ማለፉን ታመለክታለች። ብዙ መቶ ሰው የሚኖርበት መንደር በዋና ከተማ ለተቀመጠ ዕቅድ አውጪ የሚታወቀው በዚህችው መስመር ነው።

ለአስተማሪ ግን መስመሯ ከምትገልጸው የምትሰውረው ይበዛል። ወደ ትምህርት ቤት ለመድረስ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል በእግሯ የምትሄድ የ12 ዓመት ልጃገረድና የመንደሯን ዳር ብቻ ተሻግራ የምትደርስ እኩያዋ በመዝገቡ ላይ በአንዲት ፊደል ተጠቃለው ይገኛሉ። መንገዱ በክረምት በጎርፍ ይቆረጥ አይቆረጥ፣ በመካከሉ ድልድይ የሌለው ወንዝ ይኑር አይኑር ፊደሏ አትናገርም። የሕንድ መንግሥት የሕዝብን ቁጥርና የመንገድን ርቀት እንዴት አያይዞ ሲያስብ እንደኖረ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሕንድ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ ከ1865 እስከ 1872 ባሉት ዓመታት በየግዛቱ በተለያየ ጊዜ የተካሄደ ሲሆን፣ በመላው አገር በአንድ ጊዜ የተደረገው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1881 ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 2011 ድረስ በየአሥር ዓመቱ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። በጦርነቱ ምክንያት የ1941 ቆጠራ ሥራው ቢያጥርም አልቀረም። የአውራጃው መጽሐፍ መታተም የጀመረው ከነፃነት በኋላ በተደረገው በመጀመሪያው ቆጠራ፣ ማለትም በ1951 ነው። የየመንደሩን አገልግሎት በዝርዝር ማስፈር የተለመደው ደግሞ ቀጥለው በመጡት ቆጠራዎች ነው።

እዚህ ላይ «መንደር» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቆጠራው መዝገብ መንደር ማለት በእንግሊዞች ዘመን ለመሬት ግብር አሰባሰብ ተለክቶ የተከለለው ቦታ ነው። ሰዉ ተሰባስቦ የሠፈረበት ጎጥና ለግብር የተከለለው መንደር ሁልጊዜ አይገጥሙም። በአንድ የግብር መንደር ውስጥ እርስ በርሳቸው 1 ወይም 2 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ብዙ ጎጦች ሊኖሩ ይችላሉ። በተቃራኒው ደግሞ አንድም ሰው ሳይኖርበት በመዝገብ ላይ መንደር ሆኖ የቀጠለ ቦታ አለ። በሰሜን ሕንድ የመሬት መዝገብ እንዲህ ያለው ቦታ «ቤቺራግ» ይባላል፤ ትርጉሙም መብራት የሌለው ማለት ነው። በ2011 ከተመዘገቡት ከ640 ሺህ በላይ መንደሮች ውስጥ ከ40 ሺህ የማያንሱት እንዲህ መብራት የሌላቸው ነበሩ። ስለዚህ «ለዚህን ያህል መንደር መንገድ ገባ» የሚል መግለጫ ሲነበብ የትኛው መንደር፣ የመንደሩስ የትኛው ጎጥ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሕዝቡ ቁጥር እድገት በሁለት የተከፈለ ታሪክ አለው። በዛሬው የሕንድ ክልል ውስጥ የነበረው ሕዝብ በ1901 ወደ 238 ሚሊዮን፣ በ1911 ወደ 252 ሚሊዮን ነበር። በ1921 ሲቆጠር ከመጨመር ይልቅ ቀንሶ ወደ 251 ሚሊዮን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ግን ሳይቀንስ በመጨመር በ1951 ወደ 361 ሚሊዮን፣ በ1981 ወደ 683 ሚሊዮን፣ በ2011 ወደ 1,210 ሚሊዮን ደረሰ። የሕዝብ ጥናት ሊቃውንት 1921ን ታላቁ መለያ ዓመት ብለው የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከተሞች ቢያድጉም በ2011 እንኳ ከመቶው ወደ 69 የሚጠጋው ሕዝብ የሚኖረው በገጠር ነበር። ቁጥሩም ወደ 833 ሚሊዮን ይደርሳል።

በ1921 ለታየው መቀነስ ዋናው ምክንያት በ1918 የገባው የኅዳር በሽታ ነው። በሽታው በቦምቤይ ወደብ ገብቶ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ወደ መሀል አገር ተሠራጨ። በጥቂት ወራትም ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንደፈጀ ይገመታል። ይህ ነገር በመጓጓዣ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተዘሎ የሚታለፍ ቢሆንም መጠቀስ የሚገባው ነው። እህልን፣ መድኃኒትንና አስተማሪን ወደ መንደር የሚያደርስ መንገድ ሌላም ነገር ያደርሳልና።

የሕንድ የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር ኤፕሪል 16 ቀን 1853 ከቦምቤይ ተነሥቶ 34 ኪሎ ሜትር ርቃ እስከምትገኘው ታኔ ተጓዘ። በዚያ ዘመን የአገሩ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ዳልሁዚ በዚያው ዓመት ባወጣው ሰነድ የባቡር መንገድ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ሲያትት ወታደር በፍጥነት ማንቀሳቀስንና ጥጥን ከመሀል አገር ወደ ወደብ ማውጣትን አጉልቶ ነበር። የመንደሩ ነዋሪ ወዴት መሄድ ይፈልጋል የሚለው ጥያቄ በሐዲዱ አቀማመጥ ላይ ድምፅ አልነበረውም። ሐዲዱ በአጠገቡ ያለፈለት መንደር በዕድል ጣቢያ አገኘ፤ ያላለፈለት ደግሞ ሳያገኝ ቀረ።

የባቡሩ ጥቅምና ጉዳት በዘመኑም ብዙ አከራክሯል። ከ1876 እስከ 1878 የደረሰው ታላቅ ረሀብ ካለፈ በኋላ በ1880 የረሀብ ጉዳይ አጣሪ ኮሚሽን የባቡር መስመር መስፋፋት ከረሀብ መከላከያ አንዱ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። የታሪክ ጸሐፊው ሮሜሽ ቹንደር ዱት ግን ለባቡር የወጣው ገንዘብ ለመስኖ ከወጣው ጋር ሲነጻጸር እጅግ የበዛ ነው ብሎ ተቃወመ። ጋንዲም በ1909 በጻፈው «ሂንድ ስዋራጅ» በተሰኘው መጽሐፉ ባቡር ወረርሽኝን እንደሚያዛምትና ገበሬው እህሉን ወደ ተወደደበት ገበያ እየላከ ለራሱ እንዲራብ እንደሚያደርገው ተናገረ። በ2018 ታትሞ የወጣው የዴቭ ዶናልድሰን ጥናት የየአውራጃውን የጨው ዋጋና የምርት መዝገብ መርምሮ ባቡር የገባበት አውራጃ የእርሻ ገቢ በአማካይ 16 በመቶ ያህል ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ሁለቱም ወገኖች በከፊል ትክክል ነበሩ ለማለት ይቻላል። የአውራጃ አማካይ ሲጨምር የእያንዳንዱ መንደር፣ በተለይም መሬት የሌለው ሠራተኛ እጅ ሳይጨምር ሊቀር እንደሚችል መዘንጋት ግን አይገባም።

ከነፃነት በኋላ የሐዲዱ ርዝመት እምብዛም አልጨመረም። በ1951 ወደ 53,600 ኪሎ ሜትር የነበረው በ2011 ወደ 64,500 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። በዚሁ 60 ዓመት ውስጥ ግን ሕዝቡ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ስለሆነም መንደሩን ከገበያና ከትምህርት ቤት የማገናኘቱ ሸክም በመኪና መንገድ ላይ ወደቀ።

የመኪና መንገድ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ባለቤት ያጣ ጉዳይ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሼር ሻህ ሱሪ ያሳደሰውን ታላቁን የሰሜን ሕንድ ጎዳና የመሰሉ ዋና ዋና መንገዶች የነበሩ ቢሆንም፣ ባቡር ከገባ ወዲህ ገንዘቡና የባለሥልጣኑ ዓይን ወደ ሐዲዱ ዞረ። በ1919 በተደረገው የአስተዳደር ለውጥ መንገድ የግዛቶች ኃላፊነት ሆነ። ግዛቶቹም አብዛኛውን ለአውራጃ ምክር ቤቶች አሳለፉት፤ የአውራጃ ምክር ቤቶቹ ገንዘብ አልነበራቸውም። መኪና እየበዛ በመሄዱ በ1927 በኤም. አር. ጃያካር ሊቀ መንበርነት የመንገድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በ1928 ባቀረበው ዘገባ መሠረት በ1929 ከነዳጅ ቀረጥ የሚሰበሰብ ማዕከላዊ የመንገድ ገንዘብ ተቋቋመ። በ1934 ደግሞ የመንገድ መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው የሕንድ የመንገድ ጉባኤ ተመሠረተ።

ከሁሉም በላይ ለገጠሩ ትርጉም ያለው ስብሰባ በ1943 በናግፑር ከተማ የተደረገው ነው። የየግዛቱ ዋና መሐንዲሶች ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ተሰብስበው የ20 ዓመት ዕቅድ አወጡ። መንገዶችን አገር አቀፍ አውራ ጎዳና፣ የግዛት አውራ ጎዳና፣ የአውራጃ መንገድና የመንደር መንገድ ብለው ከመደቡ በኋላ፣ እርሻ በለማበት አካባቢ ማንኛውም መንደር ከዋና መንገድ ከ5 ማይል በላይ እንዳይርቅ ግብ አስቀመጡ። አምስት ማይል 8 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ሲታይ ግቡ ትሑት ይመስላል። ይሁን እንጂ ቀደም ሲል መንገድ የሚቀየሰው ከተማን ከከተማ፣ ጦር ሠፈርን ከጦር ሠፈር ለማገናኘት ስለነበር፣ የሩቅ መንደር ነዋሪ የሚሄደው ርቀት ራሱ የዕቅድ መለኪያ ሆኖ መቅረቡ ትልቅ የአስተሳሰብ ለውጥ ነበር። ከ1961 እስከ 1981 እንዲያገለግል የወጣው ሁለተኛው ዕቅድ ርቀቱን ወደ 4 ማይል አሳጠረው።

መሐንዲሶቹ የለኩት በካርታ ላይ ነው። የመንደሩ ሰው ደግሞ ርቀትን የሚለካው በወቅት ነው። በደካን አምባ የሚገኘው ጥቁር መሬት በእኛ አገር ዋልካ ከሚባለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንበው ዝናብ ደግሞ የጋሪውን መንኮራኩር እስከ ወገቡ ይውጣል። በ1980 ገደማ በሕንድ ከ10 ሚሊዮን በላይ በበሬ የሚጎተት ጋሪ ነበር። የብረት ቆብ የለበሰው የጋሪ እግር አፈሩን እየፈጨ ቦይ ስለሚያወጣበት ጥርጊያ መንገድ በሁለተኛው ክረምት ወደ ጅረትነት ይለወጥ ነበር። በሸጎሌም ሆነ በሞጆ አካባቢ በክረምት ትምህርት ቤት የጎበኘ የሱፐርቪዥን ባለሙያ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ከዚህም የተነሣ የኋለኞቹ ዕቅዶች «መንገድ» ማለትን ትተው «ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ» ማለት ጀመሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ቱቦዎችና የትናንሽ ድልድዮች ጉዳይ ነው፤ ወጪውም ያለው እዚያው ላይ ነው።

አጠቃላዩን ታሪክ በአንድ መንደር ላይ አድርጎ ማየት የሚቻልበት ጥሩ አጋጣሚ አለ። በኡታር ፕራዴሽ ግዛት በሞራዳባድ አውራጃ፣ ከዴልሂ በስተምሥራቅ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ርቃ ፓላንፑር የምትባል መንደር ትገኛለች። በጉጃራት ግዛት ካለችው ተመሳሳይ ስም ካላት ከተማ ጋር ልትምታታ አይገባም። የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኤኮኖሚ ምርምር ማዕከል በ1957 እና በ1958 መንደሪቱን ቤት ለቤት አጠና፤ ከ1962 እስከ 1963 ደግሞ ደገመው። ከ1974 እስከ 1975 ክሪስቶፈር ብሊስና ኒኮላስ ስተርን፣ ከ1983 እስከ 1984 ዣን ድሬዝና የሥራ ባልደረቦቹ በዚያው ተቀምጠው አጠኑ። በ1993ና ከ2008 ጀምሮ ባሉት ዓመታትም ጥናቱ ቀጠለ። ለ50 ዓመት ያህል በየጊዜው እየተመለሱ አንዲትን ትንሽ መንደር ሙሉ በሙሉ የመቁጠር ሥራ በዓለም ላይ እምብዛም አይገኝም።

በመጀመሪያው ጥናት የፓላንፑር ነዋሪ 528 ነበር። በ1962 እና በ1963 ወደ 585፣ በ1974 እና በ1975 ወደ 757፣ በ1983 ወደ 960፣ በ1993 ወደ 1,133 ከፍ አለ። በ2008 እና በ2009 በተደረገው ቆጠራ 1,255 ሆነ። የሚታረሰው መሬት ግን በዚያው ልክ አልሰፋም። አባት ሲሞት መሬቱ ለወንዶች ልጆች ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ቤተሰብ ማሳ እየጠበበ ሄደ። መስኖና የተሻሻለ የስንዴ ዘር ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የምርቱን መጠን ከፍ ባያደርጉት ኖሮ የመሬቱ መጥበብ የሚያስከትለው ችግር እጅግ የከፋ ይሆን ነበር።

ፓላንፑርን ከብዙዎቹ የሕንድ መንደሮች የሚለያት የባቡር ጣቢያ በአጠገቧ መኖሩ ነው። ሞራዳባድን ከቻንዳውሲ ከተማ የሚያገናኘው ሐዲድ በመንደሪቱ ጎን ስለሚያልፍ ነዋሪው ወደ ሁለቱም ከተሞች በባቡር ተመላልሶ መሥራት ይችላል። ይህ ዕድል ግን ወዲያው ፍሬ አልሰጠም። በ1957 ጣቢያው ነበረ፤ ሆኖም የመንደሩ ሰው በአመዛኙ የሚኖረው በእርሻ ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በከተሞቹ ፋብሪካዎችና ወርክሾፖች ሥራ ሲከፈት፣ ጠዋት ተሳፍረው ማታ የሚመለሱ ወንዶች ቁጥር እየበዛ ሄደ። በኋለኞቹ ዓመታት የጡብ ማቃጠያ፣ የግንባታና የዕቃ ማውረድ ሥራ ተጨምሮበት ከእርሻ ውጭ የሚገኘው ገቢ የመንደሪቱን ኑሮ የለወጠ ዋና ኃይል ሆነ። ሐዲዱ ያው ሐዲድ ነው፤ የተለወጠው በሐዲዱ ጫፍ የሚጠብቀው ሥራ ነው።

ሥራው ለሁሉም እኩል አልተዳረሰም። በ1980ዎቹ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሥራ የሚያገኙት በከተማ ዘመድ ወይም የሚያስገባ ወዳጅ ያላቸውና ጉቦ ለመክፈል አቅም የነበራቸው ነበሩ። በዘር ተዋረዱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የነበሩት የጃታብ ወገኖች ብዙ መሬት አልነበራቸውም፤ ወደ ቀን ሥራው በሰፊው የገቡትም ዘግይተው ነው። ሴቶች ደግሞ ከቤትና ከማሳ ሥራ ውጭ ለክፍያ ሥራ ከመንደር መውጣታቸው ብርቅ ነበር። ጣቢያው ከሴቶቹና ከወንዶቹ የሚርቀው እኩል እርምጃ ነው። ለሴቶቹ ግን የወንዶቹን ያህል አልቀረበም።

ለመምህራን ይበልጥ አሳሳቢ የሆነው ቀጥሎ ያለው ነው። በ1957 እና በ1958 በፓላንፑር ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት ፈልጎ ማግኘት የማይቻል ያህል ነበር። ከ35 ዓመት በኋላ በ1993 እንኳ ከአሥር ሴቶች የምታነበው አንዷ ገደማ ብቻ ነበረች፤ ከወንዶቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማንበብ አይችሉም ነበር። በ1980ዎቹ በመንደሩ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ፤ አስተማሪው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም ነበር። በአውራጃው መጽሐፍ ላይ የፓላንፑር መስመር ቢነበብ «ትምህርት ቤት አለ፣ የባቡር ጣቢያ አለ» የሚል ይወጣዋል። መዝገቡ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። ያልተጠየቀው አስተማሪው በክፍሉ መገኘቱ ነው።

የመጀመሪያው የፓላንፑር ጥናት በተጀመረበት በዚያው በ1957 የሕንድ ትምህርት ሚኒስቴር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የትምህርት ዳሰሳ አካሂዶ ነበር። የዳሰሳው ብልህነት የግብር መንደርን ትቶ ሰው የሠፈረበትን ጎጥ አንድ በአንድ መመዝገቡ፣ ለእያንዳንዱም ጎጥ ልጅ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ትምህርት ቤት መኖር አለመኖሩን መጠየቁ ነው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው በተደረጉት ዳሰሳዎች 300 ሰው የሚኖርበት ጎጥ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደግሞ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ እንዲያገኝ የሚለው መመዘኛ ሥር ሰደደ። በ2009 የወጣው የነፃና ግዴታ ትምህርት ሕግ ማስፈጸሚያ ደንቦችም 1 እና 3 ኪሎ ሜትርን ለስምንቱ ክፍሎች የርቀት ወሰን አድርገው ተቀብለዋል። የትምህርት ሰዎች የጎጥን አስፈላጊነት ከመንገድ ሰዎች 40 ዓመት ያህል ቀድመው ተረድተውት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመንገድ ሰዎች መመዘኛ በመጀመሪያ ርቀት ነበር፤ በኋላ ግን የሕዝብ ቁጥር ሆነ። በ1974 በተጀመረው አምስተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ የአነስተኛ ፍላጎቶች ፕሮግራም 1,500 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያላቸውን መንደሮች ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ተነሣ። ከ1981 እስከ 2001 እንዲሠራበት የወጣው ሦስተኛው የመንገድ ዕቅድ ወሰኑን ወደ 500 አወረደው። ግቡ ግን በታሰበው ጊዜ አልተደረሰም። ዲሴምበር 25 ቀን 2000 ደግሞ «ፕራዳን ማንትሪ ግራም ሳዳክ ዮጃና» የተባለው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ታወጀ። በዚህ ፕሮግራም መጀመሪያ 1,000 ሰው ያለባቸው፣ ቀጥሎ 500 ሰው ያለባቸው ጎጦች እንዲገናኙ ተወሰነ፤ ለተራራማ፣ ለበረሃማና ለጎሳ ሕዝቦች አካባቢ ወሰኑ 250 ሆነ። በሜዳ በ500 ሜትር፣ በተራራ በ1 ኪሎ ሜትር ተኩል ውስጥ የሚገኙ ጎጦች ሕዝባቸው ተደምሮ እንዲቆጠር ተፈቀደ። ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ከ150 ሺህ በላይ ጎጦች ተገናኝተዋል፤ ከ700 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድም ተሠርቷል።

ፓላንፑር በእነዚህ መመዘኛዎች ብትለካ በ1974 በነበሯት 757 ነዋሪዎች ከወሰኑ በታች፣ በ1983 በነበሯት 960 ከወሰኑ በላይ ትሆናለች። በ9 ዓመት ውስጥ በመንደሪቱ የተጨመረው 200 ያህል ሰው ነው፤ የተለወጠው ግን ወሰኑ ራሱ ነው። የሕዝብ ቁጥር መንገድን የሚያስገኝ ከሆነ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ የማቅረብ ፈተና መምጣቱ አይቀርም። ፕሮግራሙን ያጠኑት ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ፣ ለመንገዱ ጥያቄ የቀረቡት የጎጦች ቁጥሮች ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ብለው ተከማችተው ስላገኟቸው ለጥናታቸው የተጠቀሙት በመደበኛው የሕዝብ ቆጠራ ቁጥር ነበር። 490 ሰው ያለበትን ጎጥ 505 አድርጎ የጻፈ የወረዳ ጸሐፊ በደለኛ ነው ወይስ ለወገኑ ያሰበ ብሎ ለመፍረድ አይቸኩሏል። ሆኖም በተጭበረበረው ቁጥር ምክንያት ተራው ያለፈበት ሌላ ጎጥ መኖሩ አይካድም። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ከወሰኑ በታች የሚቀሩት ከዋናው ሠፈር ተነጥለው በዳር የሚኖሩ፣ በዘር ተዋረድ የተገፉ ወይም በጫካና በተራራ የተበተኑ ሕዝቦች ጎጦች ናቸው።

ከወሰኑ ጥቂት በላይ የሆኑ መንደሮችን ከወሰኑ ጥቂት በታች ካሉት ጋር ማነጻጸር ግን ለተመራማሪዎች ትልቅ ጥቅም ሰጠ፤ ሁለቱ በሌላው ነገር ሁሉ ይመሳሰላሉና። አሸርና ኖቮሳድ በ2020 ባሳተሙት ጥናት መንገድ የገባላቸው መንደሮች ሠራተኞች ከእርሻ ወጥተው ወደ ቀን ሥራ መሄዳቸውን አረጋገጡ። የእርሻው ምርት፣ የቤተሰቡ ሀብትና ገቢ ግን መንገዱ ከገባ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላሳየም። የመንገድን ዋጋ በእህል ጭነት ብቻ ሲያሰሉ ለኖሩት ዕቅድ አውጪዎች ይህ አሳፋሪ ውጤት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከአንጃሊ አዱኪያ ጋር ሆነው በዚያው ዓመት ያወጡት ሌላው ጥናት ደግሞ መንገድ በገባባቸው መንደሮች በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚመዘገቡ ልጆች ቁጥር ወደ 7 በመቶ ከፍ ማለቱንና የፈተና ውጤትም መሻሻሉን አመለከተ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ከከተማ ጋር መገናኘት የተማረ ሰው የሚያገኘውን ጥቅም ስለሚያሳይ ወላጅና ልጅ በትምህርት ላይ ይበረታሉ የሚል ነው። የፓላንፑር ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ይህን ያላደረገው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከመንገዱ ይልቅ ወደ ትምህርት ቤቱ በር የሚመራ ነው።

መጓጓዣ ማለት መንገድ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየው የቢሃር ግዛት ነው። በ2006 የግዛቱ መንግሥት 9ኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ካርቲክ ሙራሊዳራንና ኒሺት ፕራካሽ በ2017 ባወጡት ጥናት በዚህ ምክንያት የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በ32 በመቶ ማደጉን፣ በወንዶችና በሴቶች መካከል የነበረውም ልዩነት በ40 በመቶ መጥበቡን ገለጹ። ለውጡ የጎላው ትምህርት ቤቱ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ነበር። ብስክሌቱ የሳበው በቆጠራው መዝገብ «ከ5 ኪሎ ሜትር በታች» በሚል ፊደል ተሸፍነው የኖሩትንም ልጃገረዶች መሆኑን ልብ ይሏል። የዚህ ፕሮግራም ሌላው ውጤት በቁጥር አይገለጽም። ቀደም ሲል ብስክሌት የምትነዳ ልጃገረድ በማይታይበት አካባቢ ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ መውጣታቸው ለእያንዳንዷ መከታ ሆናት።

የሕንድ አስተማሪዎች ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በብዛት አስተምረዋል። ብዙዎቹ የመጡት ከኬራላ ነው። በኬራላ ገጠርና ከተማው ተያይዞ የሠፈረ በመሆኑ ልጅ ከትምህርት ቤት፣ መንደር ከመንገድ የሚርቅበት ሁኔታ ከኡታር ፕራዴሽና ከቢሃር ያነሰ ነው። ከዚህ አንጻር «የሕንድ መንደር» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ራሱ ያሳስታል። በኢትዮጵያ በ2010 እና በ2011 መካከል የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በሕዝብ ቁጥር ወሰን ፈንታ ቀበሌን መነሻ አድርጎ ቀበሌዎችን ሁሉ ለማገናኘት ተነሥቶ ነበር። ቀበሌውም እንደ ሕንዱ የግብር መንደር በውስጡ የተራራቁ ጎጦችን ይይዛል።

በ2021 ሊካሄድ የነበረው የሕንድ 16ኛ ቆጠራ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ተላለፈ፤ በ2025 በወጣው ማስታወቂያም ማርች 1 ቀን 2027 የቆጠራው መነሻ ዕለት እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ መካከል በሴፕቴምበር 2024 የገጠር መንገዱ ፕሮግራም አራተኛ ምዕራፍ ጸደቀ። እስከ 2029 ባሉት የበጀት ዓመታት 25,000 ያልተገናኙ ጎጦችን በ62,500 ኪሎ ሜትር መንገድ ለማገናኘት ታቅዷል። ወሰኑ በሜዳ 500፣ በተራራማና በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች 250 ሲሆን፣ በትጥቅ ግጭት በተጎዱ አንዳንድ አውራጃዎች 100 ድረስ ወርዷል። ጎጦቹ የሚመረጡት በ2011 ቆጠራ በተገኘው የነዋሪ ቁጥር ነው። በዚያ ቆጠራ ዓመት የተወለደ ልጅ የመጨረሻው መንገድ ይጠናቀቃል በተባለበት ዓመት 18 ዓመት ይሞላዋል።